የወረራ ዘመን ጠመንጃን ከአያት ታሪክ ጋር እንዴት ማገናኘት ይቻላል

ማሳ ሲያርስ ወይም የቤት መሠረት ሲያስቆፍር ዝገት የበላው የጠመንጃ በርሜል ያገኘ ሰው፣ ጎረቤት ሳይሰበሰብ ገና «ይህ የዓድዋ ነው» ብሎ ይደመድማል። ከምሰሶ ላይ የአያቱን ጠመንጃ ያወረደ የልጅ ልጅም እንዲሁ ያደርጋል። ግምቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በብረቱና በአያት መካከል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው መሣሪያው መቼ፣ የት ተሠርቶ፣ በምን መንገድ ወደ አገር ገባ የሚል ሲሆን ሁለተኛው ማን ያዘው የሚል ነው። የመጀመሪያውን በአብዛኛው ብረቱ ራሱ ይመልሳል፤ ሁለተኛውን ግን የሚመልሱት ሽማግሌዎችና ወረቀቶች ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያ ብረቱን፣ ቀጥሎ ሰውን፣ በመጨረሻም ወረቀቱን መጠየቅ የተሻለ ቅደም ተከተል ነው።

ብረቱ ከመሬት የወጣ ከሆነ

ከአፈር ብቅ ያለን ብረት ጎትቶ ማውጣት የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ይህ የሚባለው በቅድሚያ ለሕይወት ሲባል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀበረ ቦምብ ሰማንያ ዓመት ስላለፈው ብቻ አይሞትም፤ ቀፎው ዝጎ ሲሳሳ እንዲያውም ይበልጥ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ከኋለኞቹ ጦርነቶች የቀረ ፈንጂም በዚያው ማሳ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከጠመንጃ ውጭ የሆነ ክብ፣ ሞላላ ወይም ክንፍ ያለው ብረት ከታየ ሰው ከቦታው አርቆ ለፖሊስ ማስታወቅ እንጂ ሌላ ምንም ማድረግ አይገባም። የጠመንጃ በርሜልም ቢሆን ጥይት እንደ ጎረሰ ተቀብሮ ሊሆን ስለሚችል አፈሙዙ ወደ ሰው እንዳይዞር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሕግ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ፣ በማዕድን ፍለጋ ወይም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና የቅርስ ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው ያዛል። በተግባር ለገጠር ሰው ቅርብ የሚሆነው የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላለም፣ «ያረጀ ነው፣ አይተኩስም» ብሎ በዝምታ ቤት ማስገባት ራስን ለችግር መዳረግ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የታሪኩ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የማያስተውለውም ይህንኑ ነው። ጠመንጃው ከቦታው በተነሣ ደቂቃ ግማሽ ምስክርነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ከመነካቱ በፊት በስልክ ከላይም ከጎንም ፎቶግራፍ ይነሣ፤ መጠኑ እንዲታወቅ ማስመሪያ ወይም እስክሪብቶ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ጥልቀቱ በክንድ ሳይሆን በሜትር ይለካ፤ አፈሙዙ ወደየት አቅጣጫ እንደ ዞረና በዙሪያው ምን እንዳለ ይመዝገብ። ባዶ ቀለሃዎች በአንድ ቦታ ተከማችተው ከተገኙ እዚያ የቆመ ሰው ተኩሷል ማለት ነው፤ የተተኮሱና የተጨፈለቁ እርሳሶች ከተገኙ ደግሞ ቦታው የተተኮሰበት ወገን ነው። ያንድ ሸንተረር ሁለቱ ወገኖች በዚህ ይለያሉ። የሰው አፅም ከታየ ግን ማንኛውም ቁፋሮ እዚያው ላይ ይቁም።

አካባቢው ምን ያህል እንደሚናገር ለማየት በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የዘረት ዋሻ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በዚያ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ አጥቅቶ ፈጅቷል። ከብዙ ዓመታት በኋላ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ዋሻውን ሲያጠኑ የመዘገቡት የጥይት ቀለሃ ብቻ አልነበረም፤ የእህል ማስቀመጫና የቤት ዕቃ ቅሪትም አብሮ ነበር። ጥይቱ ብቻ ተለቅሞ ቢሆን ኖሮ ዋሻው ምሽግ ብቻ ይመስል ነበር፤ ዕቃው ግን በውስጡ ሴቶችና ሕፃናት ይኖሩ እንደ ነበር መሰከረ።

ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት፣ በሎሚ ወይም በናፍጣ ለማስለቀቅ መሞከር አይገባም፤ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ጽሑፍ የቀረው በዝገቱ ሽፋን ውስጥ ነውና። ከደረቅ አፈር የወጣ ብረት በደረቁ፣ ከረግረግ የወጣ ግን ባለሙያ እስኪያየው በእርጥበቱ ይቆይ። በተለይ ሰደፉ ከእንጨት ስለሆነ በፀሐይ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

ብረቱን ማንበብ

በቤት የኖረ ጠመንጃ ከሆነ በመጀመሪያ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ባዶ መሆኑን ያረጋግጥ። ከዚያ በኋላ ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪ ከጎን በኩል በዝቅታ ሲያበሩበት፣ በቀን ብርሃን ፈጽሞ የማይታይ ጽሑፍ ጥላ እየጣለ ይወጣል። ጽሑፉ በብዛት የሚገኘው በርሜሉ ከመዝጊያው ጋር በሚገናኝበት ወፍራም ቦታ ላይ ነው። የጣሊያኖቹ ጠመንጃዎች በዚያ ላይ ቶሪኖ፣ ብሬሻ፣ ቴርኒ ወይም ቶሬ አኑንዚያታ የሚል የፋብሪካ ከተማ ስምና ዓመተ ምሕረት ይይዛሉ። በፈረንሳዮቹ ላይ የሳንት ኤትየን፣ የሻተልሮ ወይም የቱል ስም ይነበባል። የሩሲያ ፊደል ከታየ ደግሞ በርዳን የተባለው ጠመንጃ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የዓመቱ ቁጥር ወጥመድ አለው። በርሜል ላይ 1888 የሚል ቁጥር ያነበበ ሰው «ይኸውና የዓድዋ ዓመት!» ብሎ ሊዘል ይችላል፤ ቁጥሩ ግን የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ 1880 ወይም 1881 ዓ.ም. ማለት ነው፤ የሚያመለክተውም የተሠራበትን ዓመት እንጂ የተማረከበትን አይደለም። በፋሺስቱ ዘመን ለተሠሩት ደግሞ ከዓመቱ ጎን በሮማውያን ቁጥር ሌላ ትንሽ ቁጥር ሊኖር ይችላል። እርሱ ፋሺስቶች ሮምን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠር የራሳቸው ዘመን ነው፤ ለምሳሌ ዓሥራ አራተኛው ዓመት በግምት ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ጠመንጃ በዓድዋ ጊዜ ገና አልተሠራም ነበር፤ ክርክሩ በዚያ ያበቃል።

ቀጥሎ የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ካሊፐር በሚባለው የሚሊ ሜትር መለኪያ ይለካ። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ይዘውት የመጡት ስናድር 14.7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ አውራ ጣት ሊያስገባ ምንም አይቀረው። ግብፆች በጉንደትና በጉራ ጦርነቶች ይዘውት የነበረው ሬሚንግተን እና የፈረንሳዩ ግራ ሁለቱም ወደ 11 ይጠጋሉ። የጣሊያኑ ቬተርሊ 10.35፣ የፈረንሳዩ ለበል 8፣ ቤልጅግ የምንለው የቤልጅየሙ ማውዘር 7.92፣ የጣሊያኑ ካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። አፈሙዝ በብዙ መወልወል ሊሰፋ ስለሚችል ጥቂት ልዩነት ቢገኝ አያስደንግጥ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለመንግሥት የተገዙትን ማውዘሮች ለመለየት ደግሞ የአንበሳ ማኅተም መኖር አለመኖሩ ይታይ።

ቬተርሊ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በእርሱ ነውና። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው የጣሊያን ጦር አዲሱ ካርካኖ እያለ በብዛት የታጠቀው ይህንኑ የቀድሞ ጠመንጃ ነበር። ስለዚህ ቬተርሊ ሁሉ የዓድዋ ምርኮ ይመስላል። ነገር ግን ጣሊያን ከዓድዋ በፊት፣ የውጫሌው ስምምነት ወዳጅነት ሳይፈርስ፣ ራሷ ለምኒልክ ጠመንጃ ትሰጥና ትሸጥ ነበር። ከዚህ በላይ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያኖች ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሮጌዎቹን ቬተርሊዎች በርሜላቸውን ሰርስረው፣ የካርካኖን ጥይት እንዲተኩሱ 6.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ቱቦ ከውስጥ አስገቡባቸው፤ ከዚያም ብዙዎቹን ለቅኝ ግዛት ወታደሮቻቸው አስታጠቁ። እንዲህ የተቀየረው ጠመንጃ ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ሲታይ ቀለበት ውስጥ ቀለበት ያለ ይመስላል። በርሜሉ ላይ ያለው ዓመት ከዓድዋ በፊት ቢሆንም እንኳ፣ ያ ሁለተኛ ቀለበት ካለ ጠመንጃው በ1888 ዓ.ም. ሊማረክ አይችልም።

ይህን የምጽፈው ራሴ ስለ ተሳሳትሁ ነው። በእኛ ቤት «የዓድዋ ምርኮ» ሲባል የኖረ አንድ ቬተርሊ ነበር፤ እኔም ለልጆች እንዲያ ብዬ ነግሬያለሁ። አንድ ቀን በርሜሉን በጨርቅ ስወለውል ያችን ቀጭን ቀለበት አየሁ፤ ስለካው 6.5 ሆነ። በአንድ ከሰዓት ጠመንጃው ከቅድመ አያቴ እጅ ወጥቶ በአርባ ዓመት ወደዚህ ቀረበ።

ቀለሃም እንደ ጠመንጃው ይነበባል። የካርካኖ ቀለሃ ቁመቱ 52 ሚሊ ሜትር ሲሆን በቂጡ ላይ የፋብሪካው ምሕጻረ ቃልና ዓመት ይገኛል። ጣሊያኖች በብዙዎቹ ላይ የሺውን ቁጥር ስለሚተዉት «936» የሚለው 1936 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። አንድ የማሳ ጥግ ላይ የተገኙ የሃያ ቀለሃዎች ዓመት ተመዝግቦ ከሁሉ የመጨረሻው ከታየ፣ ውጊያው ከዚያ ዓመት በፊት እንዳልተደረገ ይታወቃል።

በሰደፉ ላይ ያለው የእኛው ሰው እጅ ከፋብሪካው ጽሑፍ ይልቅ ለዘር ፍለጋ ይጠቅማል። በቢላዋ የተቀረጸ መስቀል፣ የመጀመሪያ ፊደል፣ በግእዝ ቁጥር የተጻፈ ዓመት፣ በናስ ሽቦ የተጠገነ ስንጥቅ፣ ሁሉም በፎቶግራፍ ይያዝ። የዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ ስለ ቆንስሉ ፕላውደን ምስጋና የላከችው መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ስለ ነበረው የሰጪውና የተቀባዩ ማንነት አላከራከረም፤ የአባቶቻችን ጠመንጃ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ ያለው ሁለት ፊደል ብቻ ሊሆን ይችላል። የመለያ ቁጥሩም ወደ ፋብሪካ እንጂ ወደ ባለቤት አይመራም።

ሰውን መጠየቅ

ሽማግሌን «ይህ ከዓድዋ ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ መልሱን ራስ መስጠት ነው፤ በጨዋነትም በኩራትም «አዎን» ይባላል። ጥያቄው ክፍት ይሁን። እንዴት ቤት ገባ? ከእርሱ በፊት የማን ነበር? በማን ለቅሶ ላይ ተተኮሰ? ለየትኛው ልጅ ተላለፈ፣ ለምንስ ለታላቁ አልሆነም? በውርስ ጊዜ የተጣሉ ወንድማማቾች ካሉ ጠቡ ራሱ የማስታወሻ ደብተር ነው፤ ሰው የተካፈለውን ቢረሳ የተነፈገውን አይረሳም። ሴቶችን አለመጠየቅ ደግሞ የብዙዎቻችን ጥፋት ነው። እኔ የአባቴን አክስት «እማሆይ፣ ጠመንጃው እንዴት እቤት ገባ?» ስላቸው ሳያመነቱ፣ «በሬ ተሽጦ ነዋ! ጣሊያን ከወጣ በኋላ አያትህ ሁለት በሬ ሽጦ ገዛው፤ እናቴ ያን ክረምት ሙሉ ስታኮርፈው ከረመች» አሉኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቃቸው አልነበረም።

ዓመቱን በቁጥር መጠየቅ ብዙ አያዋጣም። ከዚያ ይልቅ ሁሉም ቤት በሚያውቀው ክስተት ማሰር ይሻላል፤ ከክፉ ቀን በፊት ነው በኋላ? በሰገሌ ጊዜ (1909) ተወልዶ ነበር? በኅዳር በሽታ (1911) ስንት ዓመቱ ነበር? ማይጨው ሲዘመት ሚስት አግብቶ ነበር? በዚህ መንገድ አንድ ሰው በዓድዋ ጊዜ ጠመንጃ ለመያዝ ይደርስ እንደ ሆነ ወይም ገና ያልተወለደ እንደ ሆነ በቀላሉ ይታወቃል።

የፉከራ፣ የቀረርቶና የሙሾ ግጥሞች በቃል እንዳሉ ይቀዱ። በውስጣቸው የጠመንጃ ስም አለ፤ ውጅግራ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ»፣ ለበን ከለበል፣ ስናድር ከስናይደር፣ ምንሽር ከማንሊኸር፣ አልቤን ከአልቢኒ የመጡ ናቸው። ሟቹን «ባለ ውጅግራው» ብላ ያለቀሰች አልቃሽ የሰጠችው ምስክርነት ከምሰሶው ከወረደው ካርካኖ ጋር ካልተስማማ፣ ቤቱ በአንድ ወቅት ሌላ ጠመንጃ ነበረው ማለት ነው። የፈረስ ስምም እንዲሁ ይረዳል። አያት «የአባ ቃኘው ሎሌ» ከተባለ ከራስ መኮንን ጋር፣ «የአባ ነጋ» ከተባለ ከራስ አሉላ ጋር ተሰልፏል፤ ጌታው ከታወቀ የዘመተበት ግንባር ይታወቃል። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ውጊያ የነበረ ሰው ምርኮውን ከዓድዋ በፊት ሊያገኝ ይችል እንደ ነበርም አይዘንጋ።

ወረቀት ፍለጋ

የቤተሰብ ስም የሌለን ሕዝብ ስለሆንን በስም ብቻ መፈለግ አያደርስም፤ የአባትና የአያት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የትውልድ ቀበሌና አጥቢያ አንድ ላይ መያዝ አለባቸው። በርስት አገር ዘር ይቆጠር የነበረው ለመሬት ክርክር ስለ ነበር፣ አሮጌ የፍርድ ቤት ወረቀትና የግብር ደረሰኝ ከማንኛውም ማስታወሻ የተሻለ የትውልድ ሐረግ ይዞ ሊገኝ ይችላል። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ያሉ የብራና መጻሕፍት ኅዳግም የስጦታና የመሬት ጽሑፍ ይይዛል፤ ይህ ግን በካህናቱ ፈቃድና በእነርሱ እጅ ብቻ ይታይ።

ለአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ሁኔታው ይቀላል። የአርበኝነት ሜዳይ የተሸለመ ሰው የምስክር ወረቀት ስለሚኖረው ሳጥን ይፈተሽ፤ የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበርም ይጠየቅ። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው አዲስ ዘመን ጋዜጣና ሌሎች የዘመኑ ኅትመቶች በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛሉ። ከጣሊያን ወገን ደግሞ ሮም የሚገኘው የጦር ሠራዊቱ የታሪክ ቢሮ መዝገብ ቤት አለ፤ ይህ በተለይ አያታቸው አስካሪ፣ ማለትም የጣሊያን ቅኝ ግዛት ወታደር፣ ለነበረ የኤርትራ ቤተሰቦች ጠቃሚ ነው።

እዚህ ላይ ያልተፈለገ መልስ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ጠመንጃው የተማረከ ሳይሆን ጣሊያን ለባንዳ ያደለው ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ሁለት ዓመት ባንዳ ሆኖ፣ ጠመንጃውን ይዞ ከድቶ፣ ሦስት ዓመት አርበኛ የሆነበት ታሪክም ብርቅ አይደለም። በደቡብ ደግሞ ነፍጥ የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ወገን አለው፤ በአንዱ ቤት የዘመቻ ክብር የሆነው ብረት በጎረቤቱ ቤት መሬት የተነጠቀበት ነው። ሁለቱንም ቤት ሳይጠይቁ መጻፍ ግማሽ ታሪክ መጻፍ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች የዘረመል ምርመራ እናድርግ ሲሉ ይሰማል። ምርመራው ሰውን ከሰው ያዛምዳል፤ ጣሊያናዊ አያት አለን ለሚል ቤተሰብ ሊረዳ ይችላል፤ ብዙ እጅ የነካውን ብረት ግን ከማንም ጋር አያገናኝም። ጠመንጃውን ራሱን ወደ ውጭ ለመላክም ማሰብ አይገባም፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ በመዳረሻው አገርም የመሣሪያ ሕግ ይጠብቃል። ጥሩ ፎቶግራፍና የሽማግሌዎቹ ድምፅ ቅጂ ይላክላቸው።

የተገኘው ሁሉ ሲጻፍ በሦስት ክፍል ይለይ፤ ከብረቱ ላይ የታየው፣ በወረቀት የተገኘው፣ በቃል የተባለው። በቃል የተባለው ላይ የተናጋሪው ስም፣ ከሟቹ ጋር ያለው ዝምድናና የተነገረበት ቀን ይጨመር። አንዱ ቅጂ ከጠመንጃው ጋር፣ ሌላው በሌላ ዘመድ ቤት፣ ሦስተኛው በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ይቀመጥ። በእኛ መዝገብ ላይ «የዓድዋ ምርኮ» የሚለው ቃል አልተሰረዘም፤ በሦስተኛው ክፍል ሰፍሮ፣ ከሥሩ የሁለቱ በሬዎችና የዚያች ክረምት ኩርፊያ ተጽፎበታል።